የሻሼ አራት ባትሪዎች

«ማንም እንዳይንቀሳቀስ! የምስራች፣ ቀና በይ! አንቺ ከኋላ ያለሽው፣ ነጠላሽን ከሰው ፊት ላይ አንሺ እንጂ!»

ሻሼ አንድ ጉልበቷን አፈር ላይ ተክላ፣ ካሜራውን በሁለት እጇ ጨብጣ ትጮሃለች። ከፊቷ፣ በጅቡቲ የድሮው ባቡር ጣቢያ ግንብ ጥላ ሥር፣ አሥራ አንድ ሴቶች ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ትንፋሻቸውን ውጠዋል። የግንቦት ሙቀት ለመቆም እንኳ አያስችልም፤ የተኳሉት ኩል ሁሉ ወደ ጉንጫቸው ወርዷል። ቢሆንም ማንም ቅር አላለውም። የምስራች ከሰባት ዓመት የሰው ቤት ሥራ በኋላ እሑድ በባቡር አገሯ ልትገባ ነው። ከጓደኞቼ ጋር የተነሳሁት ፎቶ ሳይኖረኝ ንቅንቅ አልልም ብላ ነበር።

ካሜራው ጠቅ አለ፣ ብልጭ አለ። «ደግመን!» አለች ሻሼ፤ በመጀመሪያዋ ላይ ግማሾቹ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበርና። ሁለተኛዋን ልትጫን ስትል ካሜራው ቲርርር የሚል ድምፅ አሰማና አፍንጫውን እንደቀሰረ ቀጥ አለ። ስክሪኑ ጨለመ።

ሻሼ ዞራ ሳታይ እጇን ወደ ኋላ ዘረጋች። «አራት ቁጥር!»

ከኋላዋ ቦርሳ ይዛ የቆመችው የአሥራ አምስት ዓመት ልጇ እንቁ ናት። በጥፍር ቀለም አራት ነጥብ የተደረገበትን ባትሪ አውጥታ ስትሰጥ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። ማንም ልብ አላላትም። ባትሪው ገባ። ስክሪኑ በራ፤ ጥግ ላይ ያለችው ትንሽ ምልክትም ሙሉ ነኝ አለች። ሴቶቹ እንደገና ተስተካከሉ። ሻሼ ተጫነች። ካሜራው ብልጭ እንኳ ሳይል ጠፋ።

«ሁለት ቁጥርን አምጪ!»

«አብጧል እኮ እማዬ፣ በሩ አይዘጋም።»

«በላስቲክ እሰሪዋ!»

በላስቲክ አሰሩት። ምንም። አንድ ቁጥርን ሞከሩ፤ እሱማ ካበጠ ዓመት አልፎታል፣ ቦርሳ ውስጥ የሚዞረው እንዲያው ለልማዱ ነው። ይሄን ሲያነሱ ያንን ሲጥሉ ፀሐይዋ ወደ ወደቡ በኩል አዘቀዘቀች። አንዷን ማዳሟ ደወለችባት። ሌላዋ ፈቃዴ አለቀ ብላ ጫማዋን ማፈላለግ ጀመረች። በመጨረሻ በአንዷ ስልክ ተነሱ። የስልኩ ካሜራ መስታወቱ የተሰነጠቀ ነበርና አሥራ አንዱም ሴቶች ጭጋግ ውስጥ የቆሙ መስለው ወጡ።

«ግድ የለም ሻሼዬ፣ እኔ እናንተን በልቤ...» አለች የምስራች። አልጨረሰችውም። ፊቷን ወደ ግንቡ አዙራ የነጠላዋን ጫፍ ዓይኗ ላይ አደረገች።

ሻሼ ያኔ ነው የተነሳችው። ጉልበቷ ላይ ያለውን አፈር እንኳ አላራገፈችም። «ከይረዲን ነው!» አለች። «ከይረዲን ነው ጉድ የሠራኝ! አዲስ ነው ብሎ ባትሪው ውስጥ የሞተ ዕቃ ከቶልኝ ነው!»

«ያ ማዶ ጠረጴዛ ዘርግቶ ስልክ የሚሠራው ሽማግሌ?» አለች አንዷ።

«እሱው ነው! ሌላ ማን አለ?»

«ወይ ጉዴ! የእኔም ስልክ እሱ ከነካው ወዲህ ቶሎ ቶሎ ይዘጋል። እኔ ደግሞ ሙቀቱ ነው ብዬ!»

«የእኔማ ድምፁ ከነጭራሹ...»

አንዴ ከተጀመረ ማን ያቆመዋል። ሁለት ዓመት የቆየ የስልክ ሕመም ሁሉ በአንድ አፍታ ሽማግሌው ላይ ተከመረ። እንቁ ቦርሳውን ደረቷ ላይ አቅፋ ሁሉንም ሰማች። አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። እናቷ ያን ያህል ተናድዳ አይታት አታውቅም፤ ፈራቻት። ሌላ ምክንያት የለውም፣ ፈርታ ነው።

የካሜራው ነገር እንዲህ ነው። ዕድሜው ከእንቁ በሁለት ዓመት ይበልጣል። ሻሼ ዘጠኝ ዓመት የሠራችላቸው ፈረንጆች አገር ለቀው ሲሄዱ ማዳሟ ናት ከነቻርጀሩና ከነሁለት ባትሪው የተወችላት። ከዚያ ወዲህ ሻሼ እንቁን ይዛ ባልባላ በሚሉት ሰፈር አንድ ክፍል ቤት ተከራየች። በሥራ ቀን ጋቦዴ ሰፈር ሄዳ በየቤቱ ታጥባለች፣ ትተኩሳለች። ዓርብ ከሰዓት፣ ሠራተኞቹ ሴቶች ለሁለትና ለሦስት ሰዓት ከየጌቶቻቸው ቤት ሲወጡ፣ ባቡር ጣቢያው ግንብ ሥር ፎቶ ታነሳቸዋለች። ስልክ ያላቸውም ሳይቀሩ እሷ ጋ ይመጣሉ። የስልክ ፎቶ ማዳም ስልኩን ስትቀማ አብሮ ይሄዳላ! የሻሼ ፎቶ ግን በወረቀት ታትሞ፣ በመንገደኛ ተልኮ፣ እናት ቤት ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። አንድ ጥንድ ታኮ ጫማ አላቸው፤ በየተራ ያጠልቁታል። እግሯ ትልቅ የሆነች ከጉልበቷ በላይ ትነሳለች።

ችግሩ ባትሪው ነው። እንዲህ ዓይነቱን ማምረት ካቆሙ ቆይቷል። የጅቡቲ ሙቀት ደግሞ ባትሪ አይወድም፤ አንደኛውን አሳበጠው፣ ሁለተኛውን አስከተለው። ሻሼ ለሚሄድ ለሚመጣው ሁሉ ብትነግር፣ አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ከአዲስ አበባ ሁለት አሮጌ ባትሪ አገኘላት። እነሱም ቀፎ ብቻ ነበሩ። ያኔ ጋሼ ከይረዲን አጉሊ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ተቀበሏት። የድሬዳዋ ሰው ናቸው፤ እጃቸው ቀስ ይላል፣ አፋቸው ግን ፈጣን ነው።

«አቦ፣ ባትሪ ማለት ሣጥን እኮ ነው» አሏት። «ሆዱን ቀይሬ እሰጥሻለሁ። ግን አደራ! ሳይጠግቡ እንዳታወጧቸው። ካሜራው የሚያውቀው የድሮ ሆዳቸውን ነው፤ ግማሽ እንኳ ሳይደርሱ ሙሉ ናቸው ይላችኋል። እሱን አትመኑት። ቻርጀሩ ላይ አረንጓዴ መብራት ስትበራ ብቻ ንቀሉ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ባትሪ መሙላት የእንቁ ሥራ ሆነ። ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሦስት ቁጥርን ትሰካለች፤ ሁለት ሰዓት ተኩል። ከዚያ አራት ቁጥርን፤ ሌላ ሁለት ሰዓት ተኩል። ሲሞሉ በጨርቅ ጠቅልላ የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ትከታቸዋለች፤ ጣሳው ፀሐይ በማያገኘው ግድግዳ በኩል ይቀመጣል። አንድም ሐሙስ ቀርቶ አያውቅም። በጅቡቲ ትምህርት የማይኖረው ዓርብና ቅዳሜ ነውና የእንቁ ጓደኞች ሐሙስን የዕረፍት ዋዜማ ይሉታል፤ ለእሷ የባትሪ ቀን ነው።

ባለፈው ሐሙስ፣ በፎቶው ዋዜማ፣ ግን ሰለቻት። ዝም ብሎ ሰለቻት። እሑድ የሒሳብ ፈተና አለ፣ ከዚያ ብሬቬ የሚሉት ትልቁ ፈተና ተከትሎ ይመጣል። ከትምህርት ቤት ስትገባ መብራት የለም፤ ክፍሉ ከነጣሪያው ይፋጃል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራት መጣ። ከሁለቱ ሶኬቶች አንዱ ተቃጥሏል፤ ያለው አንድ ብቻ ነው። ወይ ማራገቢያ፣ ወይ ባትሪ። ሦስት ቁጥርን ሰካች። ግማሽ ሰዓት ታገሠች። ላቧ ደብተሩ ላይ እየተንጠባጠበ ቁጥሮቹን ሲያበላሽባት ቻርጀሩን ነቅላ ማራገቢያውን ሰካች፤ አሥር ደቂቃ ብቻ ብላ። ነፋሱ ፊቷን ሲነካው እዚያው ምንጣፉ ላይ ተኛች። የነቃችው እናቷ በሩን ስትከፍት ነው።

«ሞላሽልኝ እንቁዬ?» አለች ሻሼ፣ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ።

«አዎ እማዬ። ሙሉ ናቸው።»

በኋላ እነሳና እሰካዋለሁ ብላ ነበር። በኋላ መብራት ጠፋ። በቃ፣ ነገሩ ይሄው ነው።

እሑድ ጠዋት፣ ከፈተናው በፊት፣ ውዳድ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቀቻት። ውዳድ የጋሼ ከይረዲን ልጅ ናት፤ ከእንቁ ጋር ከመጀመሪያ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ ነው የተቀመጡት። ሌላ ቀን ቢሆን ከሩቅ ትጮህ ነበር። ዛሬ እንቁ እስክትደርስ በሩን ተደግፋ ቆመች፤ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል።

«ደብሮሻል እንዴ?» አለች እንቁ፣ ምን እንደሆነ እያወቀች።

«እናትሽ ትናንት መጥታ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቂም። ሰው ፊት ባትሪዎቹን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችበት። ሌባ አለችው። አባቴን እኮ ነው፣ ሌባ!» ውዳድ ደብተሯን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። «አባቴ መልስ አልሰጣትም። ቀኑን ሙሉ ሲፈታቸው፣ ሲለካቸው ዋለ። ምንም አላገኘባቸውም። ምንም የለባቸውም፣ ደህና ናቸው አልኩት። እሱ ግን ምን አለኝ መሰለሽ? ‘እጄ ነው’ አለኝ። ‘እጄ እየተንቀጠቀጠ የሆነ ቦታ በደንብ አላያያዝኩት ይሆናል። ዓይኔም ደክሟል። ይሄን ሥራ መተው አለብኝ’ አለ።»

እንቁ ቦርሳዋን ከትከሻ ወደ ትከሻ አዛወረች።

ውዳድ ከደብተሯ መሃል በፕላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። «ለእትዬ ሻሼ ስጫት። ለራሱ ሥራ ያስቀመጠውን አዲስ ሆድ አውጥቶ ሁለቱንም እንደገና ሠራቸው። ምንም እንዳትከፍል ብሏል።» ከዚያ እንቁን ቀጥ ብላ አየቻት። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ? አትቆጪ። ሐሙስ ዕለት በደንብ ሞልተሻቸው ነበር አይደል? አረንጓዴው እስኪበራ?»

እንቁ እዚያ ላይ ብትናገር ኖሮ! እውነቱን እንድትናገር ጓደኛዋ በሩን ከፍታ ሰጥታታለች። ግን የፈተናው ደወል ተደወለ፣ ልጆች እየተገፋፉ አለፉ፣ እንቁም «አዎ» አለች። ውዳድ ራሷን ነቀነቀች። አመነቻት። እንቁን የገደላት ይሄ ነው፤ ማመኗ።

የሒሳቡን ፈተና ምን ጽፋ እንደወጣች አታውቅም። ከስምንቱ ጥያቄዎች ውስጥ ሦስቱን ባዶ ትታለች።

ከሰዓት በኋላ ሻሼ ከሥራ ገብታ የእግር ሳፋ ውስጥ እግሯን ነክራ ተቀምጣለች። ቀኑን ሙሉ ቆማ ስትተኩስ ነው የዋለችው፤ ቁርጭምጭሚቷ አብጧል። እንቁ ፕላስቲኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠችላት፤ የውዳድንም መልእክት ነገረቻት።

ሻሼ ፈትታ አየችና በአፍንጫዋ ሳቀች። «አየሽ? አየሽልኝ? ጥፋቱን ባያውቅ በነፃ ይሠራል? ሰው ንጹሕ ከሆነ ይከራከራል እንጂ ዕቃ አይልክም።»

እንቁ እናቷን አየቻት። ሽማግሌው ከራሳቸው ዕቃ ቀንሰው የሠሩት ደግነት መልሶ ራሳቸውን ሲያስወነጅላቸው ሰማች። ከዚህ በላይ መሸከም አልቻለችም።

«እኔ ነኝ» አለች።

«ምኑን?»

«ሐሙስ ዕለት አልሞላኋቸውም። ሦስት ቁጥርን ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው የሰካሁት። አራት ቁጥርን ጭራሽ አልነካሁትም። ማራገቢያውን ሰክቼ ተኛሁ። ሙሉ ናቸው ያልኩሽ ዋሽቼ ነው።»

ሻሼ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር። ሳፋው ውስጥ ያለውን ውሃ በእግሯ ጣት አማሰለች። «የምስራችን አስለቀስሽብኝ» አለች። «ሰባት ዓመት... ዛሬ ጠዋት ሄደች እኮ። ያቺን የጭጋግ ፎቶ ይዛ ሄደች።»

«አውቃለሁ እማዬ።»

«ለማን ነግረሻል?»

«ለማንም።»

«ለውዳድም?»

«ለእሷም አልነገርኳትም።»

«እንግዲያው እዚሁ ይቅር።» ሻሼ እግሯን ከውሃው አውጥታ በፎጣ ማድረቅ ጀመረች፤ ቀና ብላ አላየቻትም። «ለእኔ ነገርሽኝ፣ በቃ። አሥራ አንድ ሴት ፊት ስሙን ጠርቼ፣ ጠረጴዛው ላይ ወርውሬ፣ አሁን ደግሞ ልጄ ናት ልበል? በየት ዓይኔ? እነዚህ ልጆች እኔን አምነው ነው ከማዳም እጅ አንድ ሰዓት ለምነው የሚመጡት። ሥራውን ለልጅ ጥላ ነው የሚሉኝ። ሰው ይረሳል እንቁ። ተይው። ደክሞኛል።»

እውነትም ደክሟት ነበር። እንቁ የእናቷን እግር፣ የተሰነጠቀ ተረከዟን፣ በሳሙና የነጣ ጣቷን አየች። ሳፋውን አንስታ ውሃውን ደጅ ደፋች።

ሳምንቱ እንደምንም አለፈ። ውዳድ ከእንቁ ጎን ትቀመጣለች፣ ደብተር ትዋሳለች፣ ትመልሳለች፤ እንደ ድሮው ግን አትስቅም። አባቷ ድሬዳዋ ላለው ወንድማቸው እንደደወሉ፣ እዚያ ሱቅ መጠበቅ ይችሉ እንደሆነ እንደጠየቁ ነገረቻት። «ከሄደ እኔም መሄዴ ነው» አለች፣ የሌላ ሰው ወሬ እንደምታወራ። ሐሙስ መጣ። እንቁ ሦስት ቁጥርን ሰካች፣ አራት ቁጥርን ሰካች። ማራገቢያውን ዞር ብላ አላየችውም። ላቧ በጀርባዋ ሲወርድ ግድግዳውን ተደግፋ አረንጓዴዋ መብራት ሁለት ጊዜ ስትበራ አየች።

ዓርብ ሴቶቹ ተሰበሰቡ። የምስራች የቆመችበት ቦታ ላይ ዛሬ ራህመት ቆማለች። ራህመት ከመጣች አራት ወሯ ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ይሆናል። ግን ጫማውን አልተቀበለችም፣ ፎቶም አልፈልግም አለች። ስልኳን በሁለት እጇ ይዛለች።

«ቻርጅ አልቀበል ካለ ሁለት ቀኑ ነው» አለች። «ወንድሜ የመን ሊሻገር ከኦቦክ ወደብ ከተነሳ አሥር ቀን ሆነው። ስደርስ እደውላለሁ ብሎኛል። የያዘው የእኔን ቁጥር ብቻ ነው።» የጨለመውን ስክሪን በአውራ ጣቷ ጠረገች። «አምስት መቶ ጊዜ ደውሎ ይሆናል እኮ። ማን ይሠራልኛል?»

«መሃል ገበያው ውስጥ አንድ ሱቅ አለ» አለች አንዷ። «ግን ተቀብለው ያስቀምጡታል፤ ለሚቀጥለው ዓርብ ነው የሚሰጡሽ።»

«ለሚቀጥለው ዓርብ?»

«ማዶ ያለው ሽማግሌስ?» አለች ሌላዋ። ወዲያው ብዙ ድምፅ ተነሳባት። «ያ ሌባ?» «የሻሼን ባትሪ ያበላሸው?» «ጭራሽ ገድሎ ይሰጥሻል!»

እንቁ ወደ መንገዱ ማዶ አየች። ጋሼ ከይረዲን ጃንጥላቸው ሥር ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ዓርብ እንደዚህ ሰዓት ሴቶቹ ጠረጴዛውን ይከብቡት ነበር። ዛሬ አንድ ሰው የለም። ብሎን መፍቻዎቻቸውን ከትልቅ እስከ ትንሽ ይደረድራሉ፣ ይበትኗቸዋል፣ እንደገና ይደረድራሉ።

እናቷን አየች። ሻሼ ካሜራውን ከፍ አድርጋ ሌንሱን ትጠርጋለች፤ የተጠረገ ሌንስ። ዓይናቸው ተጋጨ። ሻሼ በቀስታ ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። ተይው።

«ጋሼ ከይረዲን ጋ ውሰጂው» አለች እንቁ።

ሁሉም ዞሩ።

«አሁኑኑ ይሠሩልሻል። እሳቸው ምንም አላጠፉም። ባትሪዎቹን ሳልሞላቸው ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሙሉ ናቸው ብዬ እማዬንም ዋሸኋት።»

በዕድሜ ጠና ያለችው ሴት ከንፈሯን መጠጠች። «አይ የልጅ ነገር! የጓደኛዋ አባት አይደል? አንጀቷ አልችል ብሎ ነው።»

«ወላሂ ደግ ልጅ ነች» አለች ሌላዋ፣ እንቁን ትከሻዋ ላይ እየዳሰሰች።

«ለሰው ብዬ አይደለም! እውነቴን ነው!» እንቁ ጮኸች። ዋሽታ ስትናገር ሁሉም አምነዋት ነበር፤ እውነቱን ስትናገር የሚሰማት ጠፋ። እንባዋ መጣ። ራህመት ስልኳን ይዛ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ፊት ታያለች፤ ማንን እንደምታምን አላወቀችም። ሴቶቹ ሁሉ ሻሼን አዩ። ሻሼ ናት ነገሩን የጀመረችው፤ ሻሼ ትጨርሰው።

ሻሼ ካሜራውን ቀስ ብላ አወረደችው።

«እውነቷን ነው» አለች። ድምጿ ውስጡ ምንም ያልቀረ ሰው ድምፅ ነበር። «ከእሑድ ጀምሮ አውቃለሁ። አፍሬ ነው ዝም ያልኩት። ሰውዬው ምንም የለበትም።»

እንቁ የባትሪ ቦርሳውን ከትከሻዋ አውርዳ እናቷ እግር አጠገብ አስቀመጠች። እናቷ ትቆጣ፣ ታዝን፣ ከፊቷ ለማንበብ አልደፈረችም። የራህመትን እጅ ያዘችና መንገዱን ተሻገሩ።

ጋሼ ከይረዲን ሲያዩዋቸው ከወንበራቸው ብድግ አሉ። እንደ ድሮው አልቀለዱም። ገና ሳይደርሱ እጃቸውን ዘረጉ። «አቦ እንቁ፣ ባትሪዎቹ ደግሞ ጠፉ እንዴ? አምጪያቸው፣ አምጪያቸው። እንደገና አያቸዋለሁ። ለእናትሽ ጊዜ ትስጠኝ በያት።»

«አልጠፉም ጋሼ» አለች እንቁ። «መጀመሪያም ደህና ነበሩ። እኔ ነኝ ያልሞላኋቸው። ዋሽቼ ነው። እማዬም አሁን ለሁሉም ነግራቸዋለች።»

የተዘረጋው እጅ እዚያው አየር ላይ ቀረ። ጋሼ ከይረዲን እጃቸውን ወደ ራሳቸው መልሰው አዩት። መዳፉን አዩ፣ ገልብጠው ጀርባውን አዩ።

«ደህና ነበሩ?» አሉ።

«ደህና ነበሩ።»

«እኔ እኮ እጄ መስሎኝ...» አሉና ተዉት። ቀስ ብለው ተቀመጡ። አጉሊ መነጽራቸውን አወልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ብዙ ጊዜ ጠረጉት።

ከኋላቸው፣ ሣጥን ላይ ተቀምጣ ስታጠና የነበረችው ውዳድ ደብተሯን ዘግታ ቆማለች።

«ጠይቄሽ ነበር» አለች።

«አዎ።»

«በግልጽ ጠይቄሽ ነበር እኮ።»

«አዎ፣ ጠይቀሽኝ ነበር። ዋሸሁሽ።»

ውዳድ ስልኩን ከራህመት እጅ ተቀብላ ምን እንደሆነ ጠየቀቻት፤ የወንድሟን ነገር ከሰማች በኋላ ቀዳዳው ውስጥ ያለውን አቧራ እፍ አለችበትና ለአባቷ አቀበለች። «ቻርጅ አልቀበል ብሏል ነው የምትለው፣ አባ። ቶሎ እይላት፤ የወንድሟን ስልክ እየጠበቀች ነው።» ለራህመት የራሷን ሣጥን ሳበችላትና አስቀመጠቻት። ወደ እንቁ በኩል ግን አላየችም።

ጋሼ ከይረዲን ብሎን መፍቻ አነሱ። የስልኩ ጀርባ ተከፈተ። ማዶ ሻሼ ሴቶቹን ማሰለፍ ጀምራለች፤ ድምጿ ዝቅ ብሎ ይሰማል። እንቁን ሂጂ ያላት የለም፣ ተቀመጪም ያላት የለም። የጃንጥላው ጥላ ወደ ሌላው ጎን ዞሮ ፀሐይዋ አናቷ ላይ አርፋለች። እንቁ እግሯ ዛለ፣ ውሃም ጠማት፤ ቢሆንም ከቆመችበት ንቅንቅ አላለችም። ውዳድ ቀና ብላ እስክታያት ድረስ ትቆማለች።